የዘርአብሩክ ጨዋታ

አጎቴ ወንዳፈረው ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰው እኔ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብድ ስለነበር፣ ከዚያ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚመስል እኛ ልጆች ጠንቅቀን እናውቅ ነበር። ነጭ ጫማ ያደርጋል፣ ጮክ ብሎ ይስቃል፣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከረሜላ ያድላል። የእኛው ሰው ግን አባቴን ተከትሎ በዝምታ ገባ። ጉንጬን ሳም ሳም አደረገኝና ሶፋውን ትቶ ጥግ ላይ ያለችውን በርጩማ መረጠ። ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ።

ይዞ የመጣው ሁለት ሻንጣ ነበር። አንዱን ለእናቴ ሰጣት፤ ልብስና ሳሙና ነበረበት። ሌላውን፣ ትልቁን ጥቁር ሻንጣ፣ ማንም እንዲነካበት አልፈለገም። ራሱ ተሸክሞ ወደተሰጠው ክፍል አስገባውና ቆለፈው።

አባቴ አስፋው ጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ ነው፣ ሀዲያ። እናቴ ብርቅዬ አስተማሪ ናት፣ የዱራሜ ከምባታ። ሁለቱም የየራሳቸው ቋንቋ ስላላቸው ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር። ወንድማማቾቹ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ሀዲይኛ ያወራሉ። እኔ ሀዲይኛ ስሰማ ጥቂት ቃል ይቀርልኛል፣ ሌላው ያልፈኛል። የቀሩልኝን ቃላት እየገጣጠምኩ የራሴን ታሪክ እሠራለሁ።

በዚያ ሰሞን የሠራሁት ታሪክ አጎቴ ሰው ገድሎ ሸሽቶ የመጣ ወንበዴ ነው የሚል ነበር።

ማስረጃም ነበረኝ። የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ንፋስ በመታው ቁጥር አጎቴ ብድግ ይላል። አንድ ቀን ምሳ ላይ በሩ ጓ ሲል የያዘው ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። እናቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ስብርባሪውን ጠረገች፤ አባቴም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ጥፋት የሌለበት ሰው በር ሲዘጋ ለምን እንዲህ ይደነግጣል?

ሌላ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የክፍሉን በር ገርበብ ብሎ አገኘሁትና አጮለቅሁ። አጎቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ አፉ ሰፊ የሆነ ጥቁር ጠመንጃ በጨርቅ ይወለውላል። ሻንጣው ተከፍቷል። ውስጡ ሌሎች ጠመንጃዎችና የተርብ ፊት የሚመስሉ ጭንብሎች ተደርድረዋል። ትንፋሼን ውጬ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

የመጨረሻውን ማስረጃ ያገኘሁት ከወላጆቼ አፍ ነው። ወጥ ቤት ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር።

«ጥይቱስ?» አለች እናቴ።

«እንዳለ ነው። ማውጣቱ የባሰ ያስፈራል ብለውታል።»

«የሆመቾው ልጅስ፣ የዘርአብሩክ ነገር እውነት ነው?»

«እጁ ላይ ነው የሞተው» አለ አባቴ። «ቤተሰቦቹ ጋ ሂድ ስለው፣ ዓይናቸውን ከማይ ሞቴን እመርጣለሁ ይለኛል።»

ጥይቱ ሻንጣው ውስጥ እንዳልነበረ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ዛሬም በአጎቴ ግራ ትከሻ ውስጥ አለ፤ ክረምት ሲገባ ትንሽ ያመዋል እንጂ መኖሩንም ይረሳዋል። ያን ጊዜ ግን ከእኔ አልጋ ማዶ፣ ከአንዲት ስስ ግድግዳ ኋላ፣ ለማውጣት የሚያስፈራ ጥይት አለ ብዬ አስብ ነበር። «እጁ ላይ ሞተ» ማለት ደግሞ ለእኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው።

ችግሩ ይህን ነፍሰ ገዳይ መውደዴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። መንገድ ስንሻገር እጄን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ሸንኮራ ይገዛልኝና በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ በቢላዋ እየላጠ፣ ለአፌ በሚመች ልክ እየቆረጠ ይሰጠኛል። ሰው የገደለ ሰው ሸንኮራ እንዲህ አሳምሮ ይልጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጎረቤታችን ጁነዲን የግንባታ ዕቃ ሱቅ ያለው የጉራጌ ነጋዴ ነው። ሲመጣ ገና ከበሩ ይጮሃል። «ወንዴ! መቼ ነው ታዲያ የምንታኮሰው?» እያለ ይስቃል።

«እናንተ ትታኮሳላችሁ፣ እኔ አሳያችኋለሁ» ይለዋል አጎቴ ሳይስቅ።

አንድ ቀን ጁነዲን ሁለት ፖሊሶች ይዞ መጣ። ተያዘ አልኩ። እናቴ ጓዳ አስገባችኝ። ሻንጣው ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ ብዙ ጥያቄ፣ ከዚያ ሳቅ። ፖሊሶቹ የአጎቴን እጅ ጨብጠው ወጡ። ፖሊሶቹም የእሱ ወገን ናቸው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ነገሩ ሌላ ነበር። አጎቴ ዕቃውን ገና ከመምጣቱ ለፖሊስ አስመዝግቦት ነበር፤ ያን ቀን የመጡት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲወጣ «እኛም ተራ ይድረሰን» ማለቱን እያነሳች እናቴ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ቀደም ብሎ ተለቀቀና ቤት ስደርስ አባቴ እናቴን በረንዳው ላይ ሲያናግራት አገኘሁ። ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ።

«ነገ ከሆመቾ ይመጣሉ» አላት። «ጋሽ ገብረክርስቶስ ራሳቸው ናቸው የሚመጡት። ጁነዲን ቦታ፣ ጊምቢቹ መንገድ ላይ ይሁን ብያለሁ። ለወንዴ ግን እንዳትነግሪው። ካወቀ ይጠፋል።»

«ምን ሊሉት ይሆን?»

«ያላቸውን ይበሉት። ልጃቸው ነው። ይህ ነገር አንድ ቦታ ማለቅ አለበት።»

አባቴ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው አባቴ፣ ወንድሙን ለደመኞቹ አሳልፎ ሊሰጥ ነው። የሟቹ አባት ነገ ይመጣሉ። ነገሩ «ያልቃል»።

አጎቴ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ገፍቼ ገባሁ። ትንሽ የእጅ ቦርሳ ይዞ ሸሚዞቹን እያጣጠፈ ይከታል።

«ጋሼ፣ ነገ የሆመቾ ሰዎች ይመጣሉ።»

እጁ ሸሚዙ ላይ ቀረ። «ማን አለሽ?»

«አባዬ። እንዳይነገረው አለ። ሽሽ ጋሼ። በጓሮ በኩል ሂድ፣ እኔ ለማንም አልናገርም።»

አልጋው ላይ ተቀመጠ። «ማንና ማን ናቸው የሚመጡት?» አለኝ።

«ጋሽ ገብረክርስቶስ ራሳቸው።»

«ራሳቸው?» አለ። «በዚያ እግራቸው?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ ተነሳ። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ከቦርሳው አወጣ። ነጩን ይዞ ወደ እናቴ ሄደና ካውያ ጠየቃት። ራሱ ተኮሰው፤ ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ደጋግሞ። ከዚያ ፂሙን ተላጨ። ሰው ሲሞት ነጭ እንደሚለብስ አውቅ ስለነበር፣ ለመሞት እየተዘጋጀ ነው አልኩ። ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

የዩኒቨርሲቲ ምረቃዬ ቀን አጎቴ ስለዚያ ቦርሳ አጫወተኝ። ጎሕ ሲቀድ በሚነሳው አውቶቡስ አዲስ አበባ ሊገባ፣ ከዚያ ሞያሌን አቋርጦ ወደመጣበት ሊመለስ ወስኖ ነበር። «እነሱ ጋ መሄድ አቅቶኝ ነበር» አለኝ። «ግን እሳቸው በዚያ እግራቸው ወደ እኔ ሲመጡ እንዴት ብዬ እሸሻለሁ? አንቺ ባትነግሪኝ መጥተው ያጡኝ ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ወንዶቹ ጥቁሩን ሻንጣ በጁነዲን ፒክአፕ ጭነው ሄደዋል። እናቴ አተካና ስትሠራ አረፈደች። አተካና እኛ አገር ከቡላ የሚሠራ የከበረ እንግዳ ምግብ ነው፤ ቅቤው ብቻ ስንት! ለገዳዮች አተካና የምትሠራበት ምክንያት ፈጽሞ አልገባኝም። ምሳውን በአገልግል ይዘን በባጃጅ ወጣን። መንገዱን ሁሉ እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እሷም አመመሽ እንዴ እያለች ግንባሬን ትዳብሳለች።

የጁነዲን ቦታ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ከፊት ባህር ዛፍ፣ ከኋላ የእንሰት ተክል፣ መሐሉ ሣር። ከባጃጁ ስንወርድ ወሬም ሳቅም አይሰማም። በዛፎቹ መሐል አየሁ።

አንድ ረጅም ሽማግሌ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸው ላይ ያ የተርብ ጭንብል አለ። አባቴ ጠመንጃውን አቀበላቸው። የገዛ አባቴ። ከፊታቸው ራቅ ብሎ አጎቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ እሱም ጭንብል አጥልቆ፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ ቆሟል። በእጁ ምንም የለም።

«ተው!» ብዬ ጮህኩ።

ጧ አለ። አጎቴ በጉልበቱ ወደቀ።

ከእናቴ እጅ እንዴት እንዳመለጥኩ አላስታውስም። ሣሩ፣ ከኋላዬ የሚነፋ ፊሽካ፣ «አቁሙ! ልጅ ገባች! አቁሙ!» የሚል የጁነዲን ድምፅ። አጎቴ ጋ ደርሼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ደረቱን አየሁ። ሸሚዙ ላይ እንደ መዳፌ የሰፋ እርጥብ ነገር ተረጭቷል፤ ወደ ቀበቶው ይወርዳል። ቢጫ ነው። እንደ አደይ አበባ ቢጫ።

«ጋሼ» አልኩ እያለቀስኩ፣ «ደምህ ለምንድነው ቢጫ የሆነው?»

አጎቴ ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ፊቱ በዕንባና በላብ ርሷል። ደረቱን ነካና ጣቱን አየ። ሳቀ። እኔ ከአጎቴ አፍ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ቀለም ነው ሰሊ» አለኝ። «ቀለም እኮ ነው። ተመልከቺ፣ ቀለም ብቻ ነው።» ለእኔ እየነገረኝ መስሎኝ ነበር። ለራሱም እየነገረ ነበር።

ሽማግሌው እያነከሱ ደረሱ። ጠመንጃውን ሣሩ ላይ ጥለውታል። «አመመህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

«የለም አባባ። ንብ የነደፈኝ ያህል ነው።»

«እንግዲያው ተነስ» ብለው እጃቸውን ሰጡት።

ያኔ እንደገባኝ ከሆነ ሽማግሌው የልጃቸውን ደም በቀለም ተበቅለው ነገሩ በሰላም አለቀ። ትልቅ ዕፎይታ ነበር፤ እንዲህ ያለ በቀል መኖሩ ራሱ አስደሰተኝ። እኔ ሳልደርስ የሆነውን አባቴ የነገረኝ በኋላ ነው። አጎቴ ሽማግሌውን ሲያይ እግራቸው ላይ ወድቆ መናገር አቅቶት ነበር። እሳቸውም አንስተውት «ወሬው ይቆይ» አሉ። «ልጄ ስልክ ሲደውል አንድ ጨዋታ ያወራኝ ነበር። በቀለም መታኮስ። ሆሳዕና አመጣዋለሁ ይል ነበር። መጀመሪያ እሱን አሳየኝ።» አጎቴ አሳያቸው። አንተስ አትጫወትም ወይ ሲሉት ድምፁን እንደማይችል፣ ሲሰማው ያ ቀን እንደሚመጣበት ነገራቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «አንድ ጊዜ ብቻ» አሉት። «እኔ ልተኩስ፣ አንተ ቁም። የምተኩሰው እኔ ነኝ፣ የምትመታህም ቀለም ናት። ከዚያ ወዲያ አትፈራም።»

ምሳ ባህር ዛፉ ሥር ተዘረጋ። እኔ በእናቴና በአጎቴ መሐል ተሸጉጬ ነበር። ጋሽ ገብረክርስቶስ ጥቂት ከጎረሱ በኋላ እጃቸውን ጠርገው ወደ አጎቴ ዞሩ።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ለምን አንተ ተረፍክ እንደሚሉት እርግጠኛ እንደነበር ነግሮኛል። ያን ጥያቄ ከጆሃንስበርግ ጀምሮ ተሸክሞት ነበር የመጣው።

«ዘርአብሩክ ሲሞት ብቻውን ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«አልነበረም» አለ አጎቴ። «ዘራፊዎቹ ሱቃችን ውስጥ ተኩሰው ሲሄዱ ሁለታችንም ወድቀን ነበር። እየተሳብኩ ደረስኩለት። አቅፌው ነበር አባባ። ስምዎን ጠራ። የእናቱንም ጠራ። እጄ ላይ ነው የሞተው።»

እጄ ላይ። ራሱ አመነ! ሽማግሌው አሁን ይነሳሉ ብዬ የእናቴን ቀሚስ ጨመደድኩ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ግን የአጎቴን ሁለት እጆች ያዙ። ገልብጠው መዳፎቹን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ሳሙት፤ ሌላውንም ሳሙት። «ብቻውን መስሎኝ ነበር» አሉ። «ሌት ተቀን ብቻውን መስሎኝ ነበር።» አባቴ ተነስቶ ወደ ዛፎቹ ሄደ። ጁነዲን በሶፍት ዓይኑን ጠረገ። የሰው ገዳይ እጅ እንዲህ አይሳምም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሠራሁት ታሪክ ሁሉ የተሳሳተ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ።

ከዚያ በኋላ የዋልነው ውሎ እንደ ዓመት በዓል ነበር። ሁለቱ ፖሊሶች የማይሠሩበት ቀን ስለነበር በሲቪል ልብስ መጡ። አጎቴ ሁሉንም አሰልፎ ጨዋታውን አስተማረ። ስሙ ፔይንትቦል ነው አለ፤ ይኼ ደግሞ ጠመንጃ አይባልም፣ ማርከር ነው። በጋዝ ኃይል የብይ ያህል ክብ ኳስ ይወረውራል፤ ኳሷ ስስ ቆዳ ያላት ቀለም ናት፣ በውኃ ትለቃለች።

«ሕጉ አጭር ነው» አለ። «ሜዳ ውስጥ እስካላችሁ ጭንብል አይወልቅም፤ ላብ ቢያጠምቃችሁም አይወልቅም። ኳሷ ገላችሁ ላይ ከፈነዳች እጃችሁን አንስታችሁ ትወጣላችሁ። ነጥራ ካለፈች አልተመታችሁም። በጣም ቀርባችሁ አትተኩሱም። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ያቆማል። እያንዳንዱ ቡድን ዛፉ ላይ ጨርቅ አለው፤ የሌላውን ጨርቅ ነጥቆ የመጣ ያሸንፋል።»

«ቀይ ቀለም የለም እንዴ?» አለ ጁነዲን ኳሶቹን እያገላበጠ።

«ዘርአብሩክ ነው እምቢ ያለው። ጨዋታውን እዚያ አገር አንድ የበዓል ቀን ሞክረን ሳቁ ሊገድለው ነበር። የጨዋታው ቦታ ባለቤት አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ ትንሽ ትንሽ እያልን ገዛን። ቀይ ግን አይሆንም፣ እናቶችን ያስደነግጣል አለ።»

ጁነዲን ያን ሁሉ ቀን ለመታኮስ ሲቸኩል የነበረ ሰው፣ ገና ፊሽካው ሲነፋ መቀመጫውን ተመትቶ ወጣ። አባቴ እንሰት ኮባ ሥር ተደብቆ ብዙ ቆየ፤ እናቴ ጫማዋን አውልቃ በኋላው ዞራ ጀርባውን በቢጫ አስዋበችው። ሰፊዎቹ የእንሰት ቅጠሎች ሁሉ ነጠብጣብ ሆኑ። እኔን ለጨዋታው ልጅ ነሽ ብለው ከለከሉኝ፣ በኋላ ግን አጎቴ ጭንብል አጥብቆ አሰረልኝና ጀሪካን ላይ እንዳነጣጥር ፈቀደልኝ። ሁሉንም ሳትኩ። የመጨረሻዋ ኳስ ወዴት እንደሄደች ሳንረዳ ጋሽ ገብረክርስቶስ ከተቀመጡበት «ኸረ ይቺ ልጅ!» ብለው ጮሁ። ነጭ ጋቢያቸው ላይ ቢጫ ፈንድቷል። እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ከነከዘራቸው «ወጣሁ፣ ወጣሁ» እያሉ ተነሱ።

በመጨረሻው ዙር አጎቴ ፊሽካውን ለአባቴ ሰጠውና ራሱ ገባ። ከባህር ዛፍ ወደ ባህር ዛፍ ሲሮጥ፣ ኳሶቹ ግንዱ ላይ ሲፈነዱ፣ አንድም ጊዜ አልቆመም። አባቴ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ይዞ መንፋት ረስቶ ያየው ነበር።

ጨዋታው ብዙ አልቆየልንም። ኳሶቹ በሁለተኛው ዓመት አለቁ፤ ሌላ ማስመጣት አስቸጋሪ ሆነ። አሁን የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ፔይንትቦል እንደ አዲስ ነገር ሲያወሩ፣ እኔ በስምንት ዓመቴ ሆሳዕና ውስጥ አውቀው ነበር ስል የሚያምነኝ የለም።

የዚያን ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ለጋሽ ገብረክርስቶስ መኪና ተዘጋጀ። አጎቴ ማንም ሳይጠይቀው ቀድሞ ገብቶ ቦታ አመቻቸላቸው። ሆመቾ አብሯቸው ሊያድር፣ የዘርአብሩክን እናት ሊያገኝ ነው። እናቴ ወደ መኪናው ጠጋ ብላ ጋቢያቸውን ያዘች።

«ይስጡኝ አባባ። በውኃ ወዲያው ይለቃል፣ ሰኞ ታጥቦ ይደርስዎታል።»

«ተይው ልጄ» አሉ ጋቢውን ወደ ደረታቸው እየሰበሰቡ። «እናቱ ሳታየው አይታጠብም። ልጅሽ ያመጣው ጨዋታ ይኼውልሽ እላታለሁ።»

መኪናው ተነሳ። አጎቴ በመስኮት ወጣ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ። አባቴ ትከሻዬን አቅፎ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ መንገዱን ካየ በኋላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«በሉ» አለ፣ «አሁን ቤታችን እንግባ።»